የ40 ብር አደራ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ ነው። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ። አባዬ 70 ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። በ1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ሲባል ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ሶማሊያን ለመዋጋት ወደ ምሥራቅ ዘምቷል። እግሩን የቆሰለው እዚያ ነው። ስለ ጦርነቱ ግን ለእኛ ለልጆቹ አውርቶ አያውቅም። "እግርህን ምን ሆነህ ነው?" ስንለው "ወድቄ" ነበር መልሱ።

ባለፈው ክረምት ቀለል ያለ ስትሮክ መታው። አሁን ደህና ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ማታ ማታ አንድ ሰው ይጠራል። "ጓዴ" ነው የሚለው። ታጠቅ አብረው ሠልጥነው አብረው የዘመቱ ናቸው። አባዬ ጅጅጋ አካባቢ ሲቆስል በጀርባው አዝሎ ያወጣው እሱ ነው። መኪና ላይ ሲጭነው 40 ብር በመሐረብ ቋጥሮ ኪሱ ከተተለት። "አንተ ወደ መሀል አገር መግባትህ ነው፤ ይህን ለእናቴ አድርስልኝ" አለው። እናቱ የመንዝ ሰው ናቸው፤ መሐል ሜዳ ገበያ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ይሸጣሉ ብሎ ስማቸውንም ነገረው። አባዬ መጀመሪያ ሐረር፣ ከዚያ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ብዙ ወር ተኛ። ሲወጣ በምርኩዝ ነበር። ብሩን ለራሱ አዋለው። መንዝም ሳይሄድ ቀረ። አሁን "የሰው አደራ በልቼ ልሞት ነው" እያለ ያለቅሳል።

ሰውየውን ላገኝለት እፈልጋለሁ። ስሙን ከነአባቱ ነግሮኛል፤ ግን በየመንገዱ የሚገኝ ስም ነው። ሁለቱ የተነሱት አንድ ፎቶ አለ። ፎቶውን ከነታሪኩ ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው? ታላቅ ወንድሜ "የተኛ ነገር አትቀስቅሺ፤ ልትገይው ነው እንዴ?" ብሎ ተቆጥቶኛል። ምን ይሉኛል?

የአባቴ ልጅ

*

ፊርማሽን ተከትዬ "የአባቴ ልጅ" ብልሽ እህትና ወንድም ልንሆን ነው። ስለዚህ ልጄ ልበልሽ። በዕድሜ ከአባትሽ ብዙም አልርቅም።

ደብዳቤሽ ከዚህ ሦስት እጥፍ ይረዝም ነበር፤ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። የጓደኛቸውን ስም፣ የእናትየውን ስምና ሌላም አንድ ነገር የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ከቲክቶኩ ልጀምር። አሁን አትልቀቂው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው እኔም እንዳንቺ "ወታደር ፍለጋ ነው" ብዬ ወረቀት አወጣሁ። መከላከያ፣ የቀድሞ ሠራዊት አባላት፣ ቀይ መስቀል እያልኩ መዘርዘር ጀመርኩ። በሁለተኛው ንባብ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሰውየው ብሩን ሲሰጥ እኮ አድራሻ ሰጥቷል! የእናቱን ስም፣ አገራቸውን፣ የሚውሉበትን ገበያ፣ የሚሸጡትን ነገር ሳይቀር ተናግሯል። አባትሽ ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ አልረሱትም። አንቺ ግን ስሙን ይዘሽ በአገር ሙሉ ሕዝብ መሀል ልትጮኺ ነው። ፍለጋው መጀመር ያለበት ብሩ ሊሄድበት ከነበረው ቤት ነው።

በሠራዊቱ በኩል ለምን እንደሚከብድ በአጭሩ ልንገርሽ። አባትሽ ኮሪያ የዘመቱ የቃኘው ሻለቃ ሰው ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ ነበር። በየተራው የሄዱት በድምሩ 6 ሺህ ገደማ ናቸው። የወደቁት 121 መሆናቸው ተቆጥሮ ይታወቃል። አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ማኅበርም አላቸው። የእነ አባትሽ ግን ሌላ ነው። ጥሪው በሚያዝያ 1969 ተላለፈ። ገበሬው ከየአገሩ ታጠቅ ገባ። በሰኔ ደግሞ አዲስ መለዮውን ለብሶ በአብዮት አደባባይ ተሰለፈ። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ ሲገባ ያ ሁሉ ሰው ወደ ምሥራቅም ወደ ሰሜንም ተበተነ። ሶማሊያ ካራማራ ላይ ከተሸነፈች በኋላ በሕይወት የተረፈው ቤቱ ገብቶ አላረፈም፤ ብዙው ወደ ሰሜን ተዛወረ። ግንቦት 1983 ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ነው ከሥራ ውጭ የሆነው። ግማሹ በእግሩ አገሩ ገባ፣ ግማሹ ሱዳን ተሻገረ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ የተለመደ ስም ይዘሽ "አውቃችሁታል?" ብትይ አሥር ሰው "አዎ" ይልሻል። አሥሩም ሌላ ሰው ይሆናሉ።

አንድም ስልክ ከመደወልሽ በፊት ግን አባትሽን ጠይቂ።

ይህን ስል ወንድምሽን ደግፌ አይደለም። ወንድምሽ "የተኛ ነገር" ያለው አልገባኝም። ሌሊት ስም የሚጠራ ሰው ምኑ ነው የተኛው? ቢሆንም ፍርሃቱን አልንቅበትም። ስትሮክ የመታው ሰው ነው፤ ድንገተኛ ወሬ፣ ደስታም ቢሆን፣ ይከብዳል። ሐኪማቸውን አማክሪ። ወንድምሽንም ሥራ ስጪው። ከነገሩ ውጭ ያደረግሽው ሰው ይቃወምሻል፤ ስልክ የሚደውለው እሱ ከሆነ ግን ዝም ይላል። እኔ ሰባት እህትና ወንድም ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ።

አባትሽን ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ? "ልፈልግልህ ወይ?" ብለሽ ብቻ አትተዪው። አሳፋሪ ነገር የያዘ ሰው ነው። "ተይው ልጄ" ሊሉሽ ይችላሉ፣ ልባቸው ግን ሌላ ይሆናል። ይልቅ "ብናገኘው ምን ልትለው ትፈልጋለህ?" በያቸው። መልሱን ከሰማሽ ፍለጋውን ይፈልጉት እንደሆነና እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ምናልባት "ዓይኑን ላየው አልችልም፤ ለልጆቹ ብቻ አድርሱልኝ" ይሉ ይሆናል። ያም ፍለጋ ነው። ግን የተለየ ፍለጋ ነው። እሳቸው ያልፈቀዱትን ግን አታድርጊ። ምስጢሩ የእሳቸው ነው። ለአንቺ የነገሩሽ ለአገር ልትነግሪ አይደለም።

ከፈቀዱ ማስታወስ የሚጀመረው በጠዋት ነው። ማታ አታንሺባቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ጦር ሜዳ ነው የሚያድሩት። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ስልክሽን ለመቅዳት ከከፈትሽ አስፈቅጂ። ደግሞ "በምን ቀን? በስንት ዓመተ ምሕረት?" አትበዪ፤ መርማሪ ነው የምትመስይው። ወታደር ቀኑን ይረሳል፣ ውኃ የቀዳበትን ግን አይረሳም። ማን ያበስል እንደነበር፣ ኮቾሮ፣ ያ ደረቁ የወታደር ብስኩት፣ እንዴት እንደሚበላ፣ ጓደኛቸው ሲስቅ ምን ይመስል እንደነበር፣ ምን ብሎ ይፎክር እንደነበር ጠይቂ። አንዱ ትዝታ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል።

ጊዜውን ማወቅ ከፈለግሽ ደግሞ በታወቀ ነገር ላይ አንጠልጥዪው። "ስትቆስል ጅጅጋ በማን እጅ ነበረች?" በያቸው። ጅጅጋ የተያዘችው በመስከረም 1970 ነው። የተመለሰችው ካራማራ ላይ ድል ሲገኝ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። "ኩባዎቹን አይተሃቸው ነበር?" ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነው። በብዛት የደረሱት ከታኅሣሥ 1970 ወዲህ ስለሆነ፣ አላየሁም ካሉ የቆሰሉት ከዚያ በፊት መሆኑን መገመት ትችያለሽ። እንዲህ እያልሽ ዘመኑን ወደ ሁለት ሦስት ወር ታጠብቢዋለሽ።

የክፍላቸውንም ስም ጠይቂ። ጓድ፣ መቶ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ብርጌድ እያለ ነው የሚወጣው። የሻምበላቸውን አዛዥ ስም ካስታወሱ ትልቅ ነገር ነው። ተራ ወታደር ይረሳል፤ አዛዥን ግን መቶ ሰው ያስታውሰዋል። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ባለሥልጣኑ ሁሉ "ጓድ እገሌ" ይባል ነበር። አባትሽ "ጓዴ" የሚሉት ያንኛውን አይመስለኝም። አንድ ቆርቆሮ ላይ አብረው የሚበሉትን፣ አንድ ምሽግ የሚያድሩትን፣ ያችን ትንሿን ጓድ ነው።

አሁን ወደ መንዝ እንሂድ።

ያኔ ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ መንዝና ግሼ አውራጃ ነበር የሚባለው። አባትሽ በዚያው በድሮው ስም ሊነግሩሽ ይችላሉ። ዛሬ አማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ ዞን ነው። መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ግን አስቢው፤ እናትየው መሐል ሜዳ ይሸጣሉ እንጂ መሐል ሜዳ ይኖራሉ አልተባለም። ገበያ የሚወጣ ሰው ከሩቅ ነው የሚመጣው። ቤታቸው መንዝ ማማ፣ መንዝ ላሎ ወይም ግሼ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አባትሽን "የቤተ ክርስቲያኑን ስም ነግሮህ ነበር?" ብለሽ ጠይቂ። የገጠር ሰው አገሩን ሲናገር ከቀበሌው በፊት ደብሩን ነው የሚጠራው። "እንትን ማርያም አጠገብ" ካለ ፍለጋው ግማሽ አለቀ።

ሌላም የሚረዳሽ ነገር አለ። የዚያን ጊዜው ዘማች የሚመለመለው በገበሬ ማኅበር በኩል ነበር። የሰውየው ቀበሌ እሱን ብቻ ልካ የቀረች አይመስለኝም። አብረውት የሄዱ፣ የተመለሱ፣ ዛሬ ጸሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች ይኖራሉ። እነሱ ደግሞ ማን እንደተመለሰ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን መርዶ እንደመጣበት በቃላቸው ያውቁታል። የትኛውም ቢሮ ከእነሱ የተሻለ መዝገብ የለውም።

መንዝ ድረስ ለመሄድ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ጀምሪ። የመንዝ ሰው በከተማው ሞልቷል። የሥራ ባልደረባሽ፣ የጎረቤትሽ ሚስት፣ የዕድራችሁ ጸሐፊ፣ አንዳቸው መንዜ ናቸው። አንድ ታማኝ ሰው አግኚና እናቱ ወይም አጎቱ አገር ቤት ካሉ ስልክ እንዲያደርግልሽ ለምኚ። አገር ቤት ስልክ ያልገባበት የለም ማለት ይቻላል። የምትጠይቂው ነገር አጭር ይሁን። "በደርግ ጊዜ መሐል ሜዳ ገበያ ባና የሚሸጡ እገሊት የሚባሉ እናት ነበሩ፤ ልጃቸው በ1969 ዘምቷል፤ ዘመዶቻቸው የት ናቸው?" በቃ። መንዝ የበግና የሱፍ አገር ስለሆነ ባና ሻጭ ብዙ ነው። ባና ሻጭ፣ ስማቸው ይህ የሆነ፣ ልጃቸው የዘመተ ስትዪ ግን ከብዙ ጥቂት ይሆናሉ። እናትየው ዛሬ በሕይወት የሉም ብለሽ ተነሺ። የምትፈልጊው ስማቸውን የሚያውቅ የልጅ ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ስልክ ፍሬ ባይኖረው አትደነቂ። "እጠይቅልሻለሁ" ይሉሻል፣ ሦስት ሳምንት ይጠፋሉ። የመኸር ሰሞን ከሆነማ ወር ይጠፋሉ። በጨዋ ቋንቋ አስታውሺ፤ ገንዘብ ግን አትላኪ። መሄድ ግድ ቢሆን መንገዱ ሰላም መሆኑን አገር ቤት ካሉት ሰዎች አጣሪ፤ ብቻሽንም አትሂጂ።

አሁን ስሞቹን ለምን እንደሰረዝኩ ልንገርሽ።

ታላቅ ወንድሜ በዚያው በ1969 ሄዶ ቀረ። መርዶም አልመጣ፣ ደብዳቤም አልመጣ። እናቴ ተስፋ ቆረጠች ስንል በ1980 ነገሩ ተነሳ። ያን ዓመት ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ተደርጎ ምርኮኞች ተለቀቁ። አብራሪው ለገሠ ተፈራ ከ11 ዓመት እስር በኋላ የተመለሱት ያኔ ነው። እናቴ ወሬውን በሬዲዮ ስትሰማ ነጠላዋን አገልድማ ተነሳች። በሳምንቱ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ አውቶቡስ ማቆሚያውም የልጇን ታሪክ ያውቅ ነበር። ጠባሳው የት እንደሆነ፣ ውሻው ማን እንደሚባል፣ ሲሄድ ምን ለብሶ እንደነበር ሁሉ ተናገረች።

ከወር በኋላ አንድ ሰው መጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ አንገቱን የደፋ። "ከልጅዎ ጋር ታስሬ ነበር" አላት። ጠባሳውን ነገራት። የውሻውን ስም ጠራላት። "አሁን ሐረር ታሞ ተኝቷል፤ መሳፈሪያ የለውም" አለ። እናቴ ጊደር ሸጠች። እኔ ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ የተማረው የቤቱ ልጅ እኔ ነበርኩ። አንድም ነገር አልጠረጠርኩም። ጭራሽ ከደመወዜ ጨመርኩለት። ሰውየውን ከዚያ ወዲያ አይተነው አናውቅም። እናቴን የገደላት ጊደሯ አይደለም። ልጇ ሁለት ጊዜ ነው የሞተባት።

ያኔ ወሬው የደረሰው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ነበር። ቲክቶክ የት የት እንደሚደርስ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ። "አባቴ ስትሮክ መትቶት ለዚህ ሰው ብር መክፈል ይፈልጋል" ብለሽ ስትለቂው እስከ ማታ ሦስት "ጓዴ" ይደውልልሻል። አንዱ ኬንያ ስደተኛ ካምፕ ነኝ ይላል፣ አንዱ ቴሌብር ቁጥር ይልካል።

ስለዚህ ወደፊት ማስታወቂያ ማውጣት ቢያስፈልግሽ እንኳ፣ ሦስት ነገር አይውጣ። 40 ብሩ አይነገር። መሐረቡ አይነገር። ከደብዳቤሽ የሰረዝኩት፣ አባትሽ እሱን የሚጠሩበት ያ ሁለተኛው ቅጽል ስምም አይነገር። የመጣው ሰው ከነዚህ አንዱን ሳይጠየቅ ካላነሳ እሱ አይደለም። አዎ፣ 40 ብሩን እኔው እዚህ አወጣሁት ትዪኛለሽ። ስም፣ ቀበሌና ፎቶ ስለሌለው ማንም አይጠቀምበትም። መጠኑንና የታሰረበትን ነገርም ቀይሬዋለሁ። እውነተኛውን አንቺና አባትሽ ታውቃላችሁ።

በመንዝ በኩል መንገዱ ቢዘጋስ? ያኔ ወደ ሠራዊቱ እንመለሳለን፤ አሁን ግን ባዶ እጅሽን አይደለሽም፣ የሻምበል ስም፣ ወር፣ የአዛዥ ስም ይዘሻል። ፎቶውን ገልብጠሽ እይው። የድሮ ፎቶ ቤቶች ጀርባው ላይ ማኅተም ያደርጉ ነበር፤ ከተማው ይታወቅበታል። ወታደርም ከኋላ መጻፍ ይወዳል፣ "ለማስታወሻ" ብሎ ስምና ቀን። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት የሚገናኙባቸው ገጾች አሉ። እዚያ ስትጽፊ ስሙን ሳይሆን ክፍሉን አስቀድሚ። "በ1970 የእንትን ሻምበል ውስጥ የነበራችሁ" ስትዪ ሰው ይመጣል። ስሙን በኋላ በግል ጠይቂ። ስሙን በላቲን ፊደል ፈልጊ ካልሽ ደግሞ በአምስት ዓይነት ጻፊው፤ የእኛ ስም በፈረንጅ ፊደል ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አይጽፈውም። የአያቱንም ስም አባትሽን ጠይቂ። ስም ከነአባቱ አሥር ሺህ ሰው ነው፤ ከነአያቱ ሲሆን አሥር ይቀራል።

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ታውቂዋለሽ። በየቀኑ እናልፈዋለን፣ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ግድግዳው ላይ በዚያ ጦርነት የወደቁ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች ምስል አለ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ እዚያ ስላጣሽው በሕይወት አለ ማለት አይደለም። ባይሆን አባትሽ መራመድ ከቻሉና ከፈለጉ አብረሻቸው ሂጂ። የካቲት 26 ሰሞን ከሆነ የካራማራን ድል ለማስታወስ የሚመጡ ዘማቾች አይጠፉም። አንድ ሽማግሌ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቆሞ በአምስት ደቂቃ የሚያገኘውን አንቺ በወር አታገኚውም።

ለመከላከያ ሚኒስቴርም ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው በአባትሽ ስም ይሁን፤ የእሳቸው የሠራዊት ማስረጃ ካለ ቅጂው ይያያዝ። የሌላን ሰው ፋይል አውጥተው አይሰጡሽም፤ ልክም ናቸው። "ካገኛችሁት የእኛን ስልክ ስጡልን" ብለሽ ብትጽፊ ግን ጥያቄሽ ነውር የለበትም። ቀይ መስቀል በጦርነት የተለያዩ ሰዎችን ያፈላልጋል፤ ሥራው በዋናነት የቤተሰብ ስለሆነ ለመጨረሻ አስቀምጪው።

ሞቶ ብታገኚውስ? ይህን አሁኑኑ አስቢበት። 1970 ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ሰሜን ላይ ሊሆን ይችላል። ወይም ቤቱ ገብቶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ አልጋው ላይ ሞቶ ይሆናል። መርዶ ከሆነ እንደ መርዶ ንገሪያቸው። በስልክ አይሆንም። በሌሊት አይሆንም። በማለዳ፣ የንስሐ አባታቸው ወይም የሚያከብሩት ጓደኛቸው ባሉበት፣ ወንድምሽም ባለበት። "እኮ ማን ነገራችሁ?" ሲሉ የነገረሽን ሰው ስም ይዘሽ ተገኚ። ይልቀሱ። ያልተለቀሰ ልቅሶ ነው።

አደራው ግን በሞት አይቀርም። የእናትየው ዘር፣ የሰውየው ልጅ፣ የወንድም ልጅ ይኖራል። ደግሞ በዚያ ጦርነት ወላጅ ያጡ ልጆች አላጌ በነበረው የሕፃናት አምባ ያደጉ አሉ። ልጅ ትቶ ከሞተ ወደዚያ ገብቶ ይሆናል። የአምባው ልጆች ደግሞ ዛሬም ድረስ እንደ አንድ ቤት ልጆች ይጠራራሉ፤ ከእነሱ አንዱን ካገኘሽ ሌላውን ታገኛለሽ።

በሕይወት ካለ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ አሁን አንቱ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ላይፈልጉ ይችላሉ። ስለዚያ ዘመን መስማት የማይወድ ሰው አለ፤ አባትሽ ራሳቸው እኮ "ወድቄ" ሲሉ ነው የኖሩት። ካልፈለጉ አንድ ጊዜ አመስግነሽ ተመለሺ። ሁለተኛ አትደውዪ። ደግሞ ብሩን ጭራሽ ረስተውት ይሆናል። "የምን ብር?" ሊሉ ይችላሉ። ይህን ለአባትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በዚህ ብር ዕድሜ ልኩን የታመመ ሰው "የምን ብር?" ሲባል ይደነግጣል። ሌላም አስቢ። ጓደኛቸው የጫኑት ደሙ የሚፈስ ሰው ነበር። ብሩ እንዳልደረሰ ሲሰሙ "ሞቷል" ብለው ደምድመው ይሆናል። አባትሽ አደራ በላሁ ሲሉ እሳቸው ነፍስ ይማር ሲሉ ኖረው ይሆናል እኮ።

ስለ ብሩ ጠይቀሽኛል፤ ከቆረጥኩት ክፍል ውስጥ ነበር። "ዛሬ ስንት ይሆናል? እኔና ወንድሜ አዋጥተን 50 ሺህ እንስጥ?" ብለሻል። አይሆንም፣ ልጄ። 40 ብር ዛሬ ይህን ያህል ነገር አይገዛም፣ ገብቶኛል። ግን አደራው የአባትሽ ነው። ከጡረታቸው ራሳቸው ቆጥረው ይስጡ፤ 40 ቢሉ 40፣ 4 ሺህ ቢሉ 4 ሺህ። እናንተ የምትጨምሩት ካለ እንደ ልጅ ጋቢ ገዝታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከብሩ ጋር ግን አታቀላቅሉት።

የሚገናኙበት ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የምትደውዪው አንቺ ነሽ። ማን እንደሆንሽ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ተናገሪ። "አባቴ በሕይወት አሉ፤ ያዘሉት ሰው ልጅ ነኝ" በያቸው። ስለ ብሩ አንዲት ቃል አትተንፍሺ። ዝም ካሉ አንቺም ዝም በዪ፤ አትሙዪው። መስመሩ የተቋረጠ ይመስልሻል፣ አልተቋረጠም። "አሁን አጠገብሽ ናቸው?" ብለው ሲጠይቁሽ ስልኩን ለአባትሽ አቀብዪና በሩን ገርበብ አድርገሽ ውጪ።